አሥራ አንድ ጊዜ የታከመው ሰው

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው።

ፊልሙ አስቂኝ ነበር፤ በድሮ ዘመን ስለነበረ አንድ አጭበርባሪ ሐኪም ይተርካል። ሐኪሙ በሽታ ሁሉ ትከሻ ውስጥ ይደበቃል ይላል። ስለዚህ በሽተኞቹን በእንፋሎት ያፍናቸዋል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይነክራቸዋል፣ በመጨረሻ ትከሻቸውን በጠፍጣፋ እንጨት ይደበድባል። ባለጸጎች ሊደበደቡ ወረፋ ይይዛሉ።

ሐኪሙን የሚጫወተው ስመ ጥር ተዋናይ ነበር። በሽተኛውን የሚጫወተው ደግሞ ከዚያ በፊት ካሜራ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። ሥራውን ያገኘው በሚስቱ ታላቅ እህት በኩል ነው። እሷ የፊልሙ መዝጋቢ ነበረች።

የመዝጋቢ ሥራ ቀላል ይመስላል። ካሜራው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የትኛው የልብስ ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ባርኔጣው ወዴት እንዳዘነበለ፣ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደተያዘ ትጽፋለች። ቀድሞ ከተቀረጸው ጋር የማይገጥም ነገር ካየች ትናገራለች፤ ይደገማል። በዚያ ጊዜ የተቀረጸውን እዚያው መልሶ ማየት ስለማይቻል፣ ዳይሬክተሩ ከራሱ ዓይን ይልቅ የእሷን ያምን ነበር። ዓይን አፋር ናት። ድምጿ ስለማይሰማ ካሜራማኑ የምትለውን ጮክ ብሎ ይደግምላታል።

«ታናሽሽ ዛሬም ቀረች?» አለቻት ልብስ ያዥዋ። «ቀረጻ ካላየሁ ስትል አልነበር እንዴ?»

«ክንዷ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ።»

ልብስ ያዥዋ ከንፈሯን መጠጠች። ታናሽየዋና ባሏ የሚኖሩት ደረጃ በሌለው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር።

በምሳ ሰዓት በሽተኛው ሰዉን ሁሉ አሳቀ። ሆዱን ነፍቶ፣ የተዋናዩን አካሄድ እየኮረጀ በጠረጴዛዎቹ መሃል ተንጎራደደ። «ጋሼ፣ አንተን ሳይ ነው በሽታዬ የሚብስብኝ» አለው። የመብራት ሠራተኞቹ ፍርስ ብለው ሳቁ። ተዋናዩ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ግድ የለም፤ ከሰዓት ትድናለህ።»

ይህን የሰማ ሁሉ በኋላ መስክሯል።

ከሰዓት የድብደባው ትዕይንት ደረሰ። በሽተኛው ከወገቡ በላይ ራቁቱን አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እንጨቱ በጥጥ ተጠቅልሎ በሸራ ተሰፍቷል። ተዋናዩ ቀኝ ትከሻው ላይ ስድስት ጊዜ ያሳርፍበታል፤ በየምቱ በሽተኛው «ተሻለኝ» ይላል። ይኸው ነው።

ተቀረጸ። ሁሉም ሳቀ።

«የሐኪሙ ሁለተኛ ቁልፍ ተከፍቶ ነበር» አለ ካሜራማኑ፣ ከመዝጋቢዋ ሰምቶ።

ተደገመ። ፎጣው በሌላው ትከሻ ላይ ነበር ተባለ። ተደገመ። ብርጭቆው ከቦታው ፈቀቅ ብሏል ተባለ። አምስተኛው ላይ ጥጡ ሳስቶ እንጨቱ በሸራው ሥር ይታይ ጀመር።

«ጥጡ አልቋል፤ ልቀይረው» አለ ዕቃ ያዡ።

ካሜራማኑ ወደ በርጩማው ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። «ከተቀየረ ይወፍራል። ትናንት ከተቀረጸው ጋር አይገጥምም።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «ቀጥሉ።»

ስድስተኛው ላይ ቆዳው ተላጠ። ደሙን ጠርገው ዱቄት ነሰነሱበት። ሰባተኛው ሊጀመር ሲል ተዋናዩ እንጨቱን ዝቅ አደረገ።

«አመመህ እንዴ?» አለው። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያዩት እንደዚያ ብለዋል።

«ሴት ነህ እንዴ አንተ? ምታ።» የበሽተኛው ላብ በአገጩ ይንጠባጠባል። «መምታት ካልቻልክ እኔ ላሳይህ እችላለሁ።»

የተዋናዩ ፊት ተለዋወጠ። ከዚያ በኋላ ያሳረፋቸው ምቶች እንደ ፊተኞቹ አልነበሩም። በሽተኛው «ተሻለኝ» የሚለው ጥርሱን ነክሶ ሆነ።

ከስምንተኛው በኋላ መዝጋቢዋ ተነሥታ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ትከሻው ላይ አደረገችለት።

«እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አላት።

ጨርቁን ጨምቃ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። ዘጠነኛው ተቀረጸ። ባርኔጣው አዘንብሎ ነበር። አሥረኛው ተቀረጸ። ቁልፉ እንደገና ተከፍቶ ነበር።

በአሥራ አንደኛው፣ በሦስተኛው ምት ላይ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። እንጨቱ ግን ደህና ነበር። በሽተኛው «ተሻለኝ» ብሎ በግንባሩ ወለሉ ላይ ተደፋ። ሁለት የመብራት ሠራተኞች የትወናው አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

አጥንቱ ሦስት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲያ ከወገቡ በላይ አልተነሳም። ሚስቱ ታጎርሰው ነበር። ጎረቤቶቿ ግቢው ጸጥ ማለቱን ወደዱት።

ተዋናዩን ሁሉም ጠመዱት። የምሳውን ዛቻ አነሡበት።

«ድገም ስባል ደገምኩ፤ እኔ ምን አደረግኩ?» አለ።

የሰማው የለም። ስሙ ከማስታወቂያው ተፋቀ፤ ሌላ ፊልም ላይም አልታየም። አምና ሲቀበር አምስት ሰው ነው የሸኘው።

ፊልሙ ግን መውጣት ነበረበት። ከአደጋው ወር በኋላ፣ ቀረጻዎቹን የሚቆርጠውና የሚያገጣጥመው ባለሙያ መዝጋቢዋን አስጠራት።

«ያን ሰውዬ ሲደበደብ ደጋግሜ ለማየት አንጀቴ አልቻለም» አላት። «አንቺ ሁሉንም አይተሻል። የትኛውን ላስገባ?»

«የመጀመሪያውን» አልኩት እኔ፤ «ምንም አልጎደለውም።»