የጅማው ኮንሰርት

የድሮ ዘፈን የምንለዋወጥበት የቴሌግራም ግሩፓችን አድሚን ያልተገኘበት ኮንሰርት የለም። ባለፈው እሁድ የመክብብ ሸዋረጋን ዘፈን ለጠፈና፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ በሰባ ዘጠኝ ጅማ ሲዘፍን ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር» አለን።

ከዚያማ ያልነበረ ጠፋ። አንዷ ተዝለፍልፋ መውደቋ ትዝ አላት። አንዱ፣ «እኔ ጎንደሬ ስለሆንኩ ትኬት ሳልይዝ፣ በር ላይ ፎክሬ ነው የገባሁት» ብሎ ግሩፑን በሳቅ ገደለው።

ፕሮፋይላቸው ላይ ጽጌረዳ የለጠፉ፣ አንድም ቀን ጽፈው የማያውቁ ሰው አሮጌ ፎቶ ላኩ። ከመድረክ ላይ የተነሳ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ፣ ጥግ ላይ አንድ ዘበኛ ብቻ ቆሟል። ከሥሩ «የጅማው ዕለት» ይላል።

አድሚኑ አልደነገጠም። «ወንበሩ ባዶ የሆነው ሁላችንም ለጭፈራ ተነስተን ነው» አለ። ሰማንያ ሰው ልብ ሰጠው።

«ልጄ» ብለው ጻፉ ሰውየው፣ «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለዘበኛው ሦስት ዘፈን ዘፍኜ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲያ መድረክ አልወጣሁም። መክብብ ነኝ፤ አልሞትኩም።»

አድሚኑ፣ «በሟች ስም መቀለድ ነውር ነው» ብሎ ከግሩፑ አስወጣቸው።