ማዘል የጠፋው እጅ

የሺመቤት አንቀልባውን ለአራተኛ ጊዜ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ማሰሪያው እንደገና ተንሸራቶ ወደቀ። አልጋው ላይ የተኛው የሁለት ወር ልጇ ለቅሶውን አቀለጠው።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ልጅ ማዘል ጠፋሽ?" አሉ ሊጠይቋት የመጡት እናቷ፣ ወይዘሮ ጥሩዬ።

"ጠፋኝ፣ እማዬ። ያኔ አስነቅዬዋለሁ።"

ከስድስት ዓመት በፊት የሌንስ ፋብሪካ ስትቀጠር፣ ሌንስ የመግጠም ሙያውን በአንድ ቀን ነበር አንጎሏ ውስጥ ተክለው እጇን ያስለመዱላት። ሙያ የሚተክለው ባለሙያ የአንጎሏን ምስል አሳያት። እጅን የሚያዙት ሕዋሳት ሥሮቻቸውን ወደ አከርካሪ የሰደዱ ዛፎች ይመስሉ ነበር።

"ቦታው ሙሉ ነው" አላት። "አዲስ ሙያ ለመትከል እጅሽ ከድሮ ከሚያውቀው አንዱን መንቀል አለብን። አይመለስም፤ አስበሽ ምረጪ።"

አላሰበችም። የመጀመሪያ ልጇን ከቀበረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። እጇ ግን የልጇን ሞት አልሰማ ብሎ፣ ወጥ ስታማስልም፣ ታክሲ ስትጠብቅም፣ ወደ ኋላ እየሄደ ባዶ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ያደርግ ነበር።

"ማዘልን ንቀሉልኝ" አለች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ሕፃኑን አንስተው ጀርባዋ ላይ አደረጉትና አንቀልባውን ራሳቸው አሰሩላት። የልጁ ሙቀት ተሰማት።

"አይዞሽ ልጄ፤ ቸብ ቸብ አድርጊው፣ ይተኛል።"

የሺመቤት እጇን ወደ ኋላ ልትልክ ሞከረች። ልጁ ጀርባዋ ላይ እያለቀሰ፣ እጇ ደረቷ ፊት ተነሣና የሌለ ሌንስ በጥንቃቄ ይገጥም ጀመር።