ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው

ከሞተር ውድድር ዓለም ሰዎች የንፋሱን በር የሚያንኳኳው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም ደግሞ እንደ ጉድ ይጠላዋል።

«ንፋሱ» ያሉት ደጋፊዎቹ ናቸው። በሁለት ጎማ ላይ የተወለደ ይመስል ነበር። ኩርባ ላይ ጉልበቱ አስፋልት እስኪነካ ይጋደማል፤ ክፍተት ሲያይ አይምርም፣ ክፍተት ሲያጣ ደግሞ በጉልበት ይከፍታል። ስፖንሰሮች ተሻምተውበታል። አሁን ግን የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር በአንዲት ጠባብ ቤት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም።

የዚያን ቀን ነገር ብዙ አያስታውስም። ጓንቱን ማጥለቁን ያስታውሳል። መነሻው ላይ ሞተሮቹ ሲያጓሩ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ኮርኒስና እጁን ይዛ የምታለቅስ እህቱ ብቻ ናት።

«ምን ሆኜ ነው?»

«የመጨረሻው ኩርባ ላይ ተጋጫችሁ።»

«ከማን ጋር?»

«አሁን አታድክሚው» አለ ሐኪሙ።

መልሱን ራሱ ደረሰበት። ለዓመታት ከኋላው የማይጠፋ አንድ ተወዳዳሪ ነበር፤ ንግግር ስለማያበዛ «ጭምቱ» ይሉታል። ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው የሚወጣው። ሁልጊዜ ሁለተኛ መውጣት የመረረው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለንፋሱ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጀመሪያ የመጣውም ይኸው ጭምቱ ነው። ጥፋተኛ ባይሆን ምን አመጣው?

«አንተ ነህ አይደል?» አለው ንፋሱ።

ጭምቱ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «እዚያው ነበርኩ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይጠግናል፣ የወንበሩን ጎማ ይነፋል፣ የንፋሱን ጺም ይላጫል። ንፋሱም አገጩን ቀና አድርጎ እየተላጨ አፉ እንዳመጣለት ይሰድበዋል።

«ሕሊናህ እንቅልፍ ነሣህ አይደል?»

«እንቅልፍስ የለኝም» ይላል ጭምቱ ምላጩን እያለቀለቀ።

አንድ ቀን የነገር ነገር ሲነሣ ንፋሱ ስለ ጭምቱ ወንድም ጠየቀው። «ያ ታናሽህስ? እንደ ጥላ ይከተልህ የነበረው። አሁንም ይወዳደራል?»

«ትቷል።»

«ያሳዝናል። ካንተ ይሻል ነበር እኮ።»

«ይሻል ነበር» አለ ጭምቱ። ፎጣውን አጠፈና የቧንቧውን ውኃ ለመዝጋት ወደ ጓዳ ሄደ። ቶሎ አልተመለሰም።

ሌላ የሚመጣ ሰው የለም። መካኒኩ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም። የቡድን ጓደኞቹ ስልክ አያነሱም። «ያኔ በትከሻቸው ተሸክመውኝ ነበር» ይላታል እህቱን፤ «አሁን ድምፄን ሲሰሙ ይዘጉብኛል። ምን በደልኳቸው?» እህቱ ሳህኑን አንሥታ ትሄዳለች። ቴሌቪዥን እንግዛ ሲላትም ዓይንህን ያደክመዋል ትለዋለች።

ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። በመንገዱ ሞተር ሲያልፍ ማርሽ የሚቀየርበትን ያዳምጣል፤ ቀኝ እጁም ሳያስበው ባዶ አየር ጨብጦ ነዳጅ ይሰጣል። ድምፁ ሲርቅ እጁን ወደ ጭኑ ይመልሳል። ጭኑ ግን እጁ ማረፉን አያውቅም። ሐሙስ ሲሆን ያን የሚጠላውን ሰው መናፈቅ ይጀምራል። ከሁሉ የሚያናድደው ይኼ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጭምቱ ቀረ። ንፋሱ በሩን እያየ ዋለ። ምሳውን አልነካም። «ሰለቸው» አለ፤ እህቱ ስትሰማው ደግሞ «ተገላገልኩ» ብሎ አስተካከለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭምቱ ከስቶ፣ እያሳለ መጣ። ታሞ ነበር። ንፋሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያዘጋጅ የሰነበተው ስድብ ነበረው፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

ምላጩ ጉንጩ ላይ ቆመ።

«ሰማኸኝ? ከልቤ ነው። አንድ ነገር ግን ታደርግልኛለህ። እዚያ ኩርባ ውሰደኝ። እዚያው ተጨባብጠን ነገሩ ይለቅ።»

«ይቅርብህ» አለ ጭምቱ።

«ፈራህ?»

እህቱ ከጓዳ እጇን ሳታደርቅ ወጣች። «የትም አትሄዱም!»

ጭምቱ አያት። «እትዬ፣ ይሁን» አላት ቀስ ብሎ። «ራሱ ነው የጠየቀኝ።»

በጭምቱ አሮጌ መኪና ሄዱ። የዚያን ዕለት ውድድር ስላልነበረ መቀመጫዎቹ ባዶ ናቸው። ኩርባው ከፍታ ላይ ነው፤ የወንበሩ ጎማ ጠጠሩ ውስጥ ሰጠመ። ጭምቱ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ጎተተ፣ አልሆነም። ፊቱን አዙሮ በርከክ አለ።

«አንገቴን ያዝ።»

አዝሎት ወጣ። በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ያስላል። ንፋሱ የዚያን ሰው የልብ ምት በደረቱ እየሰማ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ብቻውን እንዳልሆነ ተሰማው። «ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለው። ወንድሜ ብሎት አያውቅም ነበር። ጭምቱ ሸክሙን አስተካክሎ መውጣቱን ቀጠለ።

ኩርባው ላይ አንድ ሽማግሌ ሣር ያርማል። በውድድር ቀን እዚህ ኩርባ ላይ ባንዲራ የሚያውለበልበው እሱ ነው። ጭምቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጥሎ በጭምቱ ትከሻ ላይ ብቅ ያለውን ፊት አየ፤ ዓይኑንም ከዚያ ፊት መንቀል አቃተው።

ንፋሱ ፈገግ አለ። በመጨረሻ የሚያስታውሰው ሰው ተገኘ።

ሽማግሌው ያናገረው ግን ጭምቱን ነበር።

«አንተ ሰው፣ ወንድምህን የገደለብህን ነው አዝለህ የመጣኸው?»