አሥራ ስድስተኛው ዘንግ

እናትየው የመጨረሻውን የቫልቭ መግፊያ ዘንግ በጠፍጣፋው መስታወት ላይ አንከባለለች። አሥራ አምስቱ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ይህ ከጎበጠ ግን የሟቹ ባሏ የውድድር መኪና፣ ኮርቬቱ፣ ከጋራዡ አይወጣም፤ ልጇ ሮክሳንም ነገ አትወዳደርም።

«የጎረቤታችን የዌንደል መኪና እኮ እንዲህ ያለ ዘንግ የለውም፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት እዚያው ከላያቸው፣ ቴስታታው ላይ ነው» አለች እናትየው።

«ለዚህ ነዋ አባዬን አንድ ቀን እንኳ ቀድሞት የማያውቀው!» ሮክሳን ሞተሩ ላይ እንደጎነበሰች ሳቀች። «እማዬ፣ ጎብጧል እንዴ?»

ዘንጉ ቅንጣት ታህል ሳይወዛወዝ ተንከባሎ መዳፏ ስር ቆመ። «ጎብጧል» ብትል ልጅቷ ታምናታለች፤ ነገም መኪናው እዚሁ ቆሞ ይውላል፤ ልጇም ከውድድሩ አደጋ ትርቃለች። ደግማ አንከባለለችው፤ ያው ነው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለች።

ሮክሳን በግሪስ የጠቆረ እጇን ዘረጋች። እናትየው ዘንጉን አቀበለቻት፤ ልጅቷ እስክትጎትተው ድረስ ግን ጣቶቿ አልላሉም።