ባለ አልጋዋ ካሚዮን

ጣልያናዊው ካፒቴን አንዲት ትንሽ ካሚዮን ነበረችው። በጣልያን ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ አንድ ሐሳብ መጣለትና እንቅልፍ ነሣው፤ ካሚዮኗን ቤት ማድረግ። አልጋ ይኑራት፣ የውሃ በርሜል ይኑራት፣ የስንቅ ሣጥን ይኑራት፣ ፀሐይ የሚከልል ሸራ ይኑራት። እሷን ይዞ ይፋት ቆላ ላይ እየሰፈረ፣ እየተኛ፣ እየተነሣ እሳቸውን ሊይዝ ነው።

እሳቸው የአርበኞቹ አለቃ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ የለም። «ድልድዩን እሳቸው አፈረሱት» ይባላል፤ በቃ። አስተርጓሚው ታከለ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ነገሩን ለካፒቴኑ ሲያስረዳ፣ «አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ አገሩ ሁሉ ይፈራዋል» አለው። ካፒቴኑም ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽፍታ በሐሳቡ ሣለ።

ካሚዮኗን እንዲያሰናዳ የታዘዘው አናጢው ሸሪፍ ነው። እምቢ ማለት አይችልም። ታናሽ ወንድሙ አደም፣ ጥይት አቀብለሃል ተብሎ ታስሯል።

«ካሚዮኗን ታሳምራለህ» አለው ካፒቴኑ። «ሰውዬው ማን እንደሆነም ትነግረኛለህ። ያን ጊዜ ወንድምህን ይዘህ ትገባለህ። አለዚያ በምነሣበት ቀን ይሰቀላል።»

ሸሪፍ ያውቃል እኮ! ከካፒቴኑና ከታከለ በቀር የማያውቅ ማን አለ? ግን ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ መጋዙን አነሣና ሥራውን ጀመረ።

ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሥራው ያምር ነበር። ታጥፎ የሚገባ የጠፍር አልጋ ሠራላት። ለበርሜሉ መቀመጫ፣ ለሸራው ቋሚ አበጀላት። ካፒቴኑ ጣሪያው ላይ «ፖርታባጋሊ» የሚሉት የዕቃ መጫኛ ይሠራልኝ ሲል፣ ሸሪፍ ምላሱ እምቢ ቢለው «ፖርቶመጋላ» ብሎት ተገላገለ። ታከለ ደግሞ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር እያንዳንዱን ሣንቃ በጣቱ እያንኳኳ ይዞራል። ሥራ የፈታ ሰው!

የውሃ መያዣ ቆዳ ያመጡት ግመል ነጋዴው ጋሼ ጀይላን ናቸው። ክንዳቸው ላይ የጥይት ጠባሳ አለ። ቃል አይተነፍሱም። ጎንበስ ብለው የካሚዮኗን ሆድ አዩ፣ ጎማዋን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ሄዱ። በማግሥቱም ያለ ጉዳይ መጥተው እንዲሁ አድርገው ሄዱ።

«እኚህን ሽማግሌ አልወደድኳቸውም» አለ ታከለ።

የስንቁ ዝግጅት የተሰጠው ለመንደሩ ባልቴት ለእትዬ ሸዋዬ ነው። እሳቸው ደግሞ አንዴ አፋቸውን ከከፈቱ ማን ያስቆማቸዋል!

«ሰዉ ስንት ነው? ሳላውቅ በሶ ላስፈጭ ነው?» አሉና ታከለን አፋጠጡት። «የት ነው የምትሰፍሩት? ውሃ ዳር ከሆነ በሶ ይሆናል፤ ውሃ ከሌለ ግን ጭኮ ይሻላችኋል። ደግሞ ይሄን የጠመንጃ ሣጥን ከስንቁ አርቁልኝ! የዘይቱ ሽታ ቅቤዬን ያበላሽብኛል።»

ካፒቴኑ ሲተረጎምለት ከት ብሎ ሳቀ። የሰዉን ቁጥርም፣ የሚሰፍሩበትንም ቦታ አንድ በአንድ ነገራቸው። የጠመንጃውን ሣጥን ከቅቤው አርቆ ካሚዮኗ ወለል ላይ አስቀመጠና በላዩ የበሶ ጆንያ አስከመረበት።

«እናቴን እኮ ነው የምትመስለኝ» አለ።

የመነሻው ጧት ደረሰ። አደምን የፊጥኝ አስረው አመጡት። ገመዱ ዛፉ ላይ ተወርውሯል።

«ካሚዮኗ ቆንጆ ሆናለች» አለ ካፒቴኑ። «አሁን ስሙን።»

ሸሪፍ ወንድሙን አየ። አደም አንገቱን ነቀነቀበት፤ እንዳትናገር ማለቱ ነው። ያ ረቢ፣ የአንድ እናት ልጅ! ሸሪፍ ሊናገር አፉን ከፈተ። እትዬ ሸዋዬ እንኳ የጆንያውን አፍ ማሰሩን ትተው ያያሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ጀይላን ከሰዉ መሐል።

ታከለ ጭኑን መታ። «አላልኩም?»

ሸሪፍ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልቅሶው ለካፒቴኑ ምስክር ሆነለት። አደም ተፈታ፤ ካፒቴኑ ቃሉን ጠበቀ፣ ይህ አይካድበትም። ሽማግሌውን ግን አስሮ ካሚዮኗ ላይ ጫናቸው። «የደበቅነውን መሣሪያ ጀውሃ ወንዝ ዳር አሳይሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ የፈቀድከውን አድርገኝ» ብለውታል።

ካሚዮኗ አሸዋ እየያዛት፣ ወታደሮቹ እየገፏት፣ ከቀትር በኋላ ወንዙ ዳር ደረሰች። ካፒቴኑ ደስታው ወደር የለውም። አለቃው እጁ ከገባ ከእንግዲህ ማን ይተኩሳል? አልጋውን አስዘረጋ፣ ጫማውን አወለቀ። ወታደሮቹም የያዙትን ጠመንጃ ግራር አስደግፈው ወደ ውሃው ወረዱ። የቀረው መሣሪያ ከጆንያ ሥር ነው።

ቁጥቋጦው ሰው ሆነና ተነሣ። ከግራም፣ ከቀኝም። አንድ ጥይት ሳይጮህ ጠመንጃው ሁሉ ተለቀመ። ካፒቴኑ በባዶ እግሩ እጁን ሰቀለ።

ታከለ ጋሼ ጀይላን እግር ላይ ተደፋ። «ይማሩኝ ጌታዬ! እንጀራ ሆኖብኝ ነው! አንድ ቃል ብቻ ይናገሩልኝ!»

«እኔን ምን ታስቸግራለህ?» አሉ ጋሼ ጀይላን፣ ገመድ የበላውን እጃቸውን እያሻሹ። «ይልቅ ልመናህን ለእሳቸው አቅርብ። ይኸው መጡልህ።»

ከበቅሏቸው የወረዱት፣ መቀነታቸው ላይ ሽጉጥ የሻጡት እትዬ ሸዋዬ ነበሩ።