ንፋስ የማያነሳው መጋረጃ

ሚጣ ሥራዋን ጥላ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀይራ ታላቅ እህቷ ዘንድ የመጣችው በአንድ የስልክ መልእክት የተነሳ ነው። «ቶሎ ነይልኝ። የሰውዬው ነገር አላማረኝም። ይህን መልእክት እንዳታጠፊው።»

ሰውዬው የእህቷ ባል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስፖርት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ «የቀረችኝን ዕድሜ ባሕር እያየሁ ነው የምጨርሳት» ብሎ ተነሳ። ቤቱን ሸጠና ሚስቱን ይዞ ሰው አገር ገባ። ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ዋና አትችልም፣ ያገሩን ቋንቋ አታውቅም፣ ማዕበል ስታይ ያጥወለውላታል። «እጅሽን አፍታቺበት» ብሎ የስፌት መኪና ገዛላት።

እሷም ተያያዘችው። በዓመቱ ቤቱ ውስጥ እርቃኑን የቀረ ዕቃ አልነበረም። ወንበሩ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር ሱሪ የመሰለ ነገር አጥልቋል።

ሚጣ በደረሰችበት ከሰዓት የባሕሩ ንፋስ በበረንዳው በር ገብቶ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጋዜጣ በታተነው። መጋረጃው ግን ንቅንቅ አላለም።

«እትዬ፣ ይሄ መጋረጃ ምን ነክቶት ነው?»

«ጠርዙን ዳሰስ አድርጊው።»

ጠርዙ ውስጥ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ጠጣር ነገሮች ተደርድረዋል።

«ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚያሰምጡበት ብረት ነው። ንፋሱ አላስቀምጥ ሲለኝ ሰፋሁበት። በየመስኮቱ አለ።»

«እጅሽ ይባረክ» አለች ሚጣ። የመጣችው ግን ለመጋረጃ አልነበረም። «አሁን ንገሪኝ። ምን አደረገሽ?»

እህትዬው ከስፌት መኪናው ቀና አላለችም። «እሑድ ወደ ጥልቁ በጀልባ ልውሰድሽ ይለኛል። ስንቴ እምቢ አልኩት፤ አይሰማም።»

«ዋና ሳትችይ?»

«ያለን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደግሞ አንድ ነው፣ ሚጣዬ። አንድ ብቻ።»



ባልየው ከባሕር ሲመለስ በሩን ሞልቶ ገባ። ስሟት ስሟት ሲያበቃ፣ ራት ላይ ወሬውን እሱ ራሱ አመጣው።

«እስኪ እህትሽን ምከሪያት። የምትፈራው ለኔ ከሆነ፣ እኔ ብወድቅ እየዋኘሁ ነው የምመጣው። እሷ ናት ድንጋይ፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው!»

ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ከዚያ ወዲያ ሚጣ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም። ገመድ ሲጠቀልል አየችው፤ ደጋግሞ ሲጠቀልል። በረንዳው ላይ ቆሞ በጣቱ እያመለከተ «ከዚያ ወዲያ ብትጮኺ የሚሰማሽ የለም፤ ጸጥታው እንዴት ያለ መሰለሽ!» ሲላት ከአጠገቡ ፈቀቅ አለች። ደስ ብሎት ነው የሚናገረው፤ ይበልጥ ያስፈራትም ይሄ ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ዋለ። «ንፋሱ ክሩን እያወላገደብኝ ነው» አለች እህትዬው። ለባሏ ካፖርት እየጨረሰችለት ነበር። ሚጣ ደሟ ፈላ።

«ለሱ ደግሞ ካፖርት ትሰፊለታለሽ?»

«ብርድ ሲመታው የሚነጫነጨው እኔው ላይ አይደል?» የቁልፉን ቀዳዳ በጣቷ ለካች። «ጠበብ አድርጌዋለሁ፤ ንፋስ እንዳይከፍተው።»

«እትዬ፣ በናትሽ አትሂጂ።»

«ነገ ብቀር አንቺ የሌለሽ ቀን ይወስደኛል። ይልቅ በረንዳው ላይ ሆነሽ እዪን። የሆነ እንደሆነ ያየ ሰው ይኑረኝ።»

ማምሻውን ባልየው ካፖርቱን ለካው። «ይሄ ካፖርት ነው ወይስ ምሽግ?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ውስጡን ደርቤዋለሁ» አለችው ሚስቱ።

እሑድ ጠዋት ባልና ሚስት ቁልቁል ወደ ጀልባዋ ወረዱ። ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ እህትዬው ዞር ብላ ተጣራች።

«ሚጣዬ! ካፖርቱን ረሳው! አምጪለት በሞቴ!»

ሚጣ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወረደች። ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ተዪው፤ ፀሐይ ነው» አላት ባልየው።

«ይልበሱት፣ ጋሼ። የባሕር ብርድ አይታመንም።» ሰውዬውን አትወደውም፤ ግን ልቡን ላራራው ብላ በገዛ እጇ አለበሰችው። የጠበቡትን ቁልፎች አንድ በአንድ ታግላ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። «እህቴን አደራ።»

«እንደ እንቁላል ነው የምይዛት» አለ ባልየው።

ሚጣ ወደ ቤት ተመልሳ የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ቆመች። ባልየው ሰደርያውን አነሳ። ሚጣ ለራሱ ሊያጠልቀው መሰላት። እሱ ግን ሰደርያውን ለሚስቱ አለበሳት፤ ማሰሪያውን ሁሉ ሳብ ሳብ እያደረገ ሞከረላት፤ ቀልጠፍ ብሎም ግንባሯን ሳማት።

ሚጣ ዕንባዋ መጣ። ለካ ሰውዬውን በከንቱ ስታማው ነው የከረመችው።

ጀልባዋ እየራቀች፣ እያነሰች ሄዳ ጥልቁ ላይ ቆመች። ባልየው መልሕቁን ሊጥል ጫፏ ላይ ወጣ። ሚስቱም ከተቀመጠችበት ተነስታ ከኋላው ተጠጋች።

«እንዳይወድቅ ልትይዘው ነው» አለች ሚጣ ለብቻዋ፣ ፈገግ ብላ።

ያን ጊዜ ንፋሱ መጣና መጋረጃው ከኋላዋ ብር ብሎ ተነስቶ ፊቷን ሸፈናት። ገልጣ ልታስረው ጠርዙን ያዘችው፤ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሯል፣ ውስጡም ባዶ ነው።