የኖኤላ ሃያ ስምንት ጥርሶች

"አፍሽን ክፈቺ።"

አልከፈተችም።

"ኖኤላ... ክፈቺ እንጂ፣ ቀኑ መሸ እኮ" አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጉጠቱን እንደያዘ።

እሷ ጥርሷን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

አባቷ ሙሴ ኦቪላ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። ላብ አጥምቆታል።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1957፣ ቦታው ኪውቤክ፣ ወንዙ ዳር ያለች መንደር። እዚያ ሴት ልጅ ልታገባ ስትል አባቷ ስጦታ ይሰጣታል። ምን መሰላችሁ?

ጥርሷን አስነቅሎ አርቴፊሻል ጥርስ ያስገባላታል።

የታመመውን ብቻ እንዳይመስላችሁ... ሁሉንም ነው።

ለባሏ የጥርስ ጣጣ ይዛ እንዳትሄድ ተብሎ ነው። እናቷ እንዲሁ ተድራለች። ሁለቱ እህቶቿም እንዲሁ።

ኖኤላ ደግሞ ሃያ ስምንት ጥርስ አላት፣ አንዱም አልተነካም። ጠዋትና ማታ በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ትቦርሻለች። እህቶቿ "ለሚነቀል ጥርስ ምን አደከመሽ" እያሉ ይስቁባታል።

"በሽታ አገኘህባቸው?" አለችው ሐኪሙን።

"የለም፣ ጤነኛ ናቸው። ግን ልማድ ነው..."

"ጤነኛ ከሆኑ ምን በወጣቸው?"

አባቷ ጣልቃ ገባ። "ልጄ፣ አታዋርጂኝ። ለአማቾችሽ ቃል ሰጥቻለሁ።"

"አባባ፣ ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፣ ጥርሱ የኔ ነው። የራስህን አስነቅልላቸው።"

ከወንበሩ ወረደች። ነጩን ጨርቅ ከአንገቷ ፈትታ ለሐኪሙ አቀበለችውና በእግሯ ወደ ቤት ሄደች።

ቤት ሳትደርስ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል።

በማግስቱ እሁድ የበቆሎ ግብዣ ነበር። የበረዶው ክረምት ሳይመጣ መንደርተኛው ተሰብስቦ በቆሎ በትልቅ ድስት ይቀቅላል፣ ቅቤ እየቀባ ይግጣል። እጮኛዋ አርማን ከእናቱ ከማዳም ዜሊ ጋር መጣ።

አርማን ቆንጆ ልጅ ነው። ጥርሱ ደግሞ... የመንደሩ ሴት ሁሉ የሚያወራለት፣ ነጭ፣ እኩል የተደረደረ። ጨዋም ነው። ሰው በቆሎውን ሲግጥ እሱ ፍሬውን በኪስ ቢላዋ እየፈለፈለ ሳህን ላይ ያራግፋል። ኖኤላ ይህን ጨዋነቱን ትወድለት ነበር።

ማዳም ዜሊ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"አንቺ ልጅ፣ ሰማሁ።"

"የሰሙት እውነት ነው፣ ማዳም ዜሊ።"

"የዛሬው ጥርስ እኮ እንደ እናቴ ዘመን ጥቁር ጎማ አይደለም። ድዱ እንኳ ሮዝ ነው። ከራስሽ ይበልጥ ያምርብሻል።"

"የራሴን ለምጄዋለሁ።"

"እንግዲያው ሠርግ የለም። ልጄ የጥርስ በሽተኛ ሊያስታምም አይደለም የሚያገባው።"

ሰው ሁሉ ማኘኩን ተወ። ሙሴ ኦቪላ አንገቱን ደፋ።

ኖኤላ አርማንን ትወደዋለች። "ይነቀሉ" ብላ አንዲት ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ይስተካከላል... ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣም።

አርማንን አየችው። ቢላዋውን አስቀመጠ። ተነሳ።

እናቱን ሊደግፍ ነው፣ አለች በልቧ። ይሁን። ያለ ባል መኖር ይቻላል።

አርማን ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ አስገባ።

የላይኛውን አወጣ።

የታችኛውን አወጣ።

በቆሎው ሳህን ላይ አስቀመጣቸው...

የሃያ አራት ዓመቱ ጎረምሳ በአንድ ጊዜ ጉንጩ ገብቶ ሽማግሌ መሰለ። ከልጆቹ አንዱ ሊስቅ ሲል እናቱ ቆነጠጠችው።

"አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ... የእማዬ የልደት ስጦታ ነው" አለ። ቃሉ እየተንሸራተተ በጭንቅ ነው የሚሰማው። "ከዚያ ወዲህ በቆሎ ግጬ አላውቅም። እናንተ ጨዋ ነው ትሉኛላችሁ።"

"አርማን፣ ዝም በል" አለች እናቱ።

"ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ፣ እማዬ። አሁን ስሚኝ። ይቺ ልጅ አንዲት ጥርሷን ብታስነቅል እኔ አላገባትም።"



ኖኤላ ከድስቱ ትልቁን በቆሎ መረጠች። ማዳም ዜሊን ዓይን ዓይኗን እያየች ገመጠችው። ሲንኮሻኮሽ እስከ በሩ ይሰማ ነበር ይባላል።

በጥቅምት ተጋቡ። በሠርጉ ፎቶ ላይ እሱ አፉን ገጥሟል፣ እሷ ሃያ ስምንቱንም አውጥታ ትስቃለች።

"አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?" ትሉኝ ይሆናል።

እኔ እዚያው ኪውቤክ በአረጋውያን መኖሪያ ነው የምሠራው። ከእራት በኋላ የያንዳንዱን ሰው ጥርስ ተቀብዬ ስም በተጻፈበት ብርጭቆ እዘፈዝፋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼዋለሁ፣ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቀን አዲስ የገቡ የሰማንያ ሰባት ዓመት አሮጊት ክፍል ገባሁና ብርጭቆውን አቀረብኩ።

"ማዳም፣ ጥርስዎን ያውልቁልኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ...

"እንዲህ ያለኝ ሰው አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ" አሉኝ። "የመጀመሪያው ጉጠት እንኳ ይዞ ነበር። አንቺ ብርጭቆ ብቻ ይዘሽ መጣሽ?"

ከዚያ አፋቸውን ከፈቱልኝ። አንድም አልጎደለም።

"ብርጭቆውን ተዪው፣ ለብሩሼ ይሆነኛል።"

አፈርኩ። እኔም ሳልጠይቅ ነበር "ልማድ ነው" ብዬ የገባሁት።

ወገኖቼ... በፍቅር የተሰጠ ሁሉ ስጦታ አይደለም። ጤነኛ ነገራችሁን የሚነቅልባችሁ ሰው አባታችሁም ቢሆን አፋችሁን ግጠሙበት። ዛሬ ሰው የጠፋበትን ጥርስ በብሎን ያስተክላል፣ የተነቀለ ድፍረት ግን የሚተክል ሐኪም እስካሁን አላየሁም።

እናንተስ? "ልማድ ነው" ተብሎ ምን ሊነቀልባችሁ ነበር... ከፈታችሁላቸው ወይስ ገጠማችሁ?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። "አባቷን መታዘዝ ነበረባት" የምትሉም ጻፉ፣ አልሰርዝባችሁም።